ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ወንበር

እኔና ባለቤቴ መጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር ድንችና ጎመን ወደ ቤት ማውጣት ነበር። የዘንቢሉን አንዱን ማንጠልጠያ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ደረጃውን ወጣን። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው ዘንቢሉን አስቀመጠና ከቤት አምጥቶ እዚያ ባኖራት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ደከመህ?» አልኩት።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለና ማዶ የሚሠራውን ሕንፃ ማየት ጀመረ። «የሚቀጥለውን ፎቅ ሶሌታ ሊሞሉ ነው። ሲሚንቶ ማቡኪያዋ መጥታለች።»

«ባለቤቱ እንኳ እንዳንተ አይቆጣጠርም።»

«ባለቤቱ መቼ ደረጃ ወጥቶ ያውቃል?»

«በል ተነስ፣ ድንቹ ሳይበቅል።»

በማግስቱ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

ከሳሊተ ምሕረት ወዲያ ወዳለው ወደዚህ ሰፈር ስንመጣ የነበረው ኮንዶሚኒየምና ጭቃ ብቻ ነው። መገናኛ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ የሰፈራችንን ስም የሚጠራ ረዳት አልነበረም። ግን ብዙ ዓመት ጠብቀን በዕጣ ያገኘነው ቤት ነው፤ ቅር አላለንም። እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ወንበሯ ላይ ሆኖ ሰፈሩ ሲያድግ ያይ ነበር። መጀመሪያ ዳቦ ቤት መጣ፣ ከዚያ ፋርማሲ፣ ከዚያ አስፋልቱ። የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይለው ነበር። አንድ ጊዜ የብሎካችን ኮሚቴ ደረጃ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው ብሎ ለጠፈ። «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቀመጠባት። ከዚያ በኋላ የተናገረው የለም።

እሱ ካረፈ በኋላ አርባው እስኪወጣ ኦሎምፒያ አካባቢ ልጄ ቤት ሰነበትኩ።

«እማዬ፣ በዚያ ጉልበትሽ አራት ፎቅ?» አለችኝ። «ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? ቤቱን አከራይተን እኛ ጋ ሁኚ።»

እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር። ሰዎቹ የሚያውቁት እሱን ነው፤ እሱ ሲያወራ እኔ ከኋላው ቆሜ «እንሂድ» የምል ነበርኩ። ቁልፉን ለሌላ ሰው የማስረክብበትን ቀን ሳስብ ግን እንቅልፍ አጣለሁ።

ከአርባው በኋላ ዕቃ ልንሰበስብ ሄድን። ባዶ ካርቶኖቹን መኪናው ውስጥ ትተን፣ በየደረጃው እያረፍኩ ወጣን። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ወንበሯ የለችም። እግሮቿ ያረፉበት ቦታ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

«አየሽ» አለች ልጄ፣ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ጎን ያለው በር ተከፈተ። ከሆሳዕና የመጣችው ጎረቤታችን ናት፤ እሑድ እሑድ ከቤቷ መዝሙር ይሰማል፣ ከሰላምታ በቀር ግን ተነጋግረን አናውቅም።

«እትዬ፣ ድምፅዎን ሰምቼ እኮ ነው። ጌታ ያጽናዎት» ብላ አቀፈችኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰችና ወንበሯን ይዛ ወጣች። «ደረጃውን ቀለም ሲቀቡ እንዳይነኳት ብዬ አስገባኋት። እግሯ ይነቃነቅ ነበር፣ ባለቤቴ አጠበቀልዎት። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ ከሄዱ ወዲህ የሰፈሩን ወሬ የሚነግረን ጠፋ» አለች። «ያ ሕንፃ ስንተኛ ደረሰ ብሎ ባለቤቴ ይጠይቀኛል፤ እኔ ምኑን አውቄ? እርስዎም ትተውን ሊሄዱ ነው እንዴ?»

ልጄ አቀረቀረች። እኔ ማዶውን አየሁ።

«አንድ ሶሌታ ጨምረዋል» አልኩ። «መስኮቶቹን ግን አጥብበዋቸዋል።»

«በቃ፣ ተቆጣጣሪው ተተካ» አለች ልጄ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ካርቶኖቹንም ባዷቸውን ይዛ ተመለሰች።

አሁን እዚያው ቤቴ ነው የምኖረው። ድንች በትንሽ በትንሹ እገዛለሁ፣ ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ አርፋለሁ፤ ለጠየቀኝም ሕንፃው የት እንደደረሰ እነግረዋለሁ።