ለንደን ሩቅ ነው?

ሞጣ ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ወታደሮች ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሰኔ ነበር፤ የጭነት መኪናው ጭቃ እየያዘው ቢቸና የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ የሻገተ ጤፍ ይሸታል። በሩ ሲዘጋብኝ እፈራለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፣ የደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር። ተማሪዎቻቸው እንደሚሏቸው እኔም የኔታ አልኳቸው። ለብዙ ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። እሳቸው ይጸልያሉ፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ።

አንድ ቀን ከምርመራ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንተ የአገሩን ርቀት ሁሉ ታስተምራለህ አሉ። ለንደን ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው፣ የኔታ። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።»

«በአውሮፕላንስ?»

«ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳ፣ መንገድ ላይ አርፎም ቢሆን፣ ማታ እዚያ ነው።»

«ከዚያ ወደዚህስ?»

«ያው ነው።»

«እኔኮ ወር የሚፈጅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቅርብ ነው» አሉ።

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። ከዚያ ነገሩን አጫወቱኝ። ልጃቸው ለንደን ትማራለች። እዚያ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ መንግሥትን ተቃውማ ተናግራለች። መርማሪው የሚፈልገው፣ አባቷ በቴፕ «ታምሜያለሁ፣ ድረሽልኝ» እንዲሏት ነው። እሺ ካሉ እሳቸው ይለቀቃሉ፤ እሷ ስትመጣ ትያዛለች።

«መንገዱ የወር ቢሆን» አሉ፣ «እሷ እስክትደርስ እግዜር አንድ ነገር ያመጣ ነበር።»

በማግስቱ ወሰዷቸው። የምርመራው ክፍል ከእኛ የሚለየው በጣውላ ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

«ተናገር እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ! ቴፑ እየቀዳ ነው።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው የረጋ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ደኅና ነኝ። እንዳትመጪ። ትምህርትሽን ተማሪ።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ሲመልሷቸው መቆም አቅቷቸዋል። ጥምጣማቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ ወድቋል። እንደገና ሊጠመጥሙ ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አላቸው። እኔ ጠመጠምኩላቸው።

«ደኅና ሆነ፣ የኔታ?»

«በግራ በኩል ትንሽ ጠበቅ አድርገው» አሉኝ። አጠበቅኩት። ቀና ብለው ተቀመጡና በሩን ማየት ጀመሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲያ ያያቸው ሰው አላገኘሁም።

እኔ ተፈትቼ ሞጣ ተመለስኩ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ልጃቸው፣ አብሬያቸው መታሰሬን ሰምታ፣ እዚያ ድረስ ፈልጋኝ መጣች። ያ ቴፕ አልደረሳትም። ያሉትን ቃል በቃል ነገርኳት።

«ቢጠሩኝ በነጋታው እሳፈር ነበር» አለች።

«ያውቁ ነበር» አልኳት።

አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ሁሉንም እናገራለሁ፤ ድምፄ አይለወጥም። ልጆቼ «አባባ ጠንካራ ነው» ይላሉ። ጥንካሬ ግን አይመስለኝም፤ ያኔ በሩ ሲዘጋብኝም ምንም አልተሰማኝም ነበር።