ነጥቧ ሎጊያ ገባች

ሁሪያ ከወሎ መጥታ ሎጊያ ላይ አትክልት ማከፋፈል ከጀመረች ወዲህ ጭነቷ በተባለበት ሰዓት ደርሶላት አያውቅም። አንዴ ጎርፍ፣ አንዴ ጎማ፣ አንዴ መንገድ ተዘጋ ይባላል፤ ቲማቲሙ በዚያ ሙቀት ይፈርጥና የፍየል ሲሳይ ይሆናል። አንጀቷ አሮ አልቋል። ወንድሟ አብዱሰላም "ቴክኖሎጂ እያለ ምን ያንገበግብሻል?" ብሎ ጂፒኤስ ሲያስገዛት ወዲያው ተስማማች። የሳሙና ቁራጭ የምታህል፣ ማግኔት ያላት ዕቃ ናት። መኪናው ላይ ትለጠፋለች፤ ስልክ ላይ ቀይ ነጥብ ሆና ትሄዳለች።

ዛሬ ማታ ሰመራ ውስጥ አንድ ሆቴል የሠርግ ድግስ አለበት፤ ቲማቲሙን የምታቀርበው ሁሪያ ናት። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ኩኩ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። "ሁለቴ ጉድ ሠርተሽኛል፤ ከዛሬ ወዲያ ሌላ ሰው እይዛለሁ" ብላታለች። ሁሪያም ነጥቧን በኩኩ ስልክ ላይ አስጭናላት፣ "በይ ራስሽ ተከታተይው" አለቻት። ከዚህ በላይ ሰው ምን ያድርግ?

ጠዋት ነጥቧ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ቆመች። ሾፌሩ ቻላቸው ቁርስ እየበላ ይሆናል አለች። ቁርሱ ረዘመ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። "በሬ አርዶ ነው እንዴ የሚበላው!" እያለች ስትንጨረጨር ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። ገዋኔን አለፈች፤ ሚሌ ደረሰች። ደግሞ አፈጣጠኗ! "አልሀምዱሊላህ፣ ዛሬስ ሰው ሆነ" አለች።

በዚህ መሀል ቲማቲም ነጋዴው አብዱናሲር ከወሎ ጭኖ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ።

"ሁሪያ፣ ትወስጂያለሽ?"

"የኔ ሚሌን አልፏል።" ስልኳን አሳየችው።

"ነጥብ አየሁ፤ ቲማቲም ግን አላየሁም" ብሎ ወደ ሰመራ ነዳው።

ነጥቧ ሎጊያ ገባች። ሁሪያ አውራጆቿን ጠርታ መንገድ ዳር ወጣች። ነጥቧ መጣች፣ መጣች፣ አጠገቧ ደርሳ ቆመች። ከፊቷ የቆመው ግን ግዙፍ የነዳጅ ቦቴ ነው። ሾፌሩ ደምመላሽ ወርዶ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጣት።

"ከቻላቸው ነው። አድርስልኝ ብሎኝ።"

ፈታችው። ጂፒኤሷ ናት፤ አሁንም ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ቲማቲሙስ?"

"አይሱዙው ካምቢዮው ተሰብሮ አዋሽ ጋራዥ ገብቷል።"

"ታዲያ ይቺን ምን አስላካት?"

"እኔ ምን አውቄ እህቴ! አደራ አለኝ፣ አደረስኩ።"

በዚህ መንገድ ሾፌር ለሾፌር የሰጠው አደራ አይጠፋም። መድኃኒትም ይሁን ጫማ፣ የባለቤቱ ደጅ ይደርሳል። ሁሪያ ስንት ዓመት ስትለምነው የኖረችው በሰዓቱ መድረስ ይኸው ለዚች ቁራጭ ዕቃ ሆነ።

ስልኳ ጮኸ። "ጭነትዎ በሰላም ደርሷል" ይላል። ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ወዲያው ኩኩ ደወለች።

"ጎበዝ! ደረሰ አይደል? አይቼዋለሁ እኮ። አንዱ አብዱናሲር ነኝ ባይ ቲማቲም ግዢኝ ብሎ በር ላይ ሲጨቀጭቀኝ ነበር፤ የኔ ሎጊያ ገብቷል ብዬ መለስኩት። ሰመራን ለቆ ወደ ሰርዶ ሄደ።"

ሁሪያ እጇ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለውን ዕቃ አየቻት።

"ኩኩ... የደረሰው ጂፒኤሱ ብቻ ነው። ቲማቲሙ አዋሽ ነው።"

ኩኩ አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከፋው። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ብትደውል፣ ብትደውል አላነሳችላትም።

በመጨረሻ ቻላቸው ደወለ። ሁሪያ ስድቧን አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው።

"እትዬ ሁሪያ፣ ዕቃዋ ደረሰችልሽ?"

"አንተ ሰው፣ ጤና አለህ? ተበላሸሁ ብለህ አትደውልም ነበር?"

"ባለፈው ስበላሽ ደውዬልሽ ስታለቅሺ አልዋልሽም እንዴ? መኪና ሥር ተኝቼ አንቺን ማባበል ሆነ ሥራዬ። ነጥቧ ከሄደች ልብሽ ያርፋል፣ እኔም ጠግኜ እደርሳለሁ አልኩ። እንዳታለቅሺ ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ።"

ያ ሁሉ ስድብ አፏ ላይ ቀረ። ሁሪያ መንገድ ዳር እንደቆመች፣ ዕቃዋን ጨብጣ በንዴት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ቻላቸውም እዚያው አዋሽ መኪናው ሥር ተኝቶ፣ "አይዞሽ እትዬ፣ አይዞሽ" እያለ ያባብላት ጀመር።