የናካቶ ሜዳ ስም ሊሸጥ ሲል

ካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለው የሰሌዳ ወርክሾፕ ሥራ የገባሁ ዕለት የታዘዝኩት የባለቤቱን ስም እንድጽፍ ነበር። ሰውየው የመንታ አባት ስለሆኑ ኡጋንዳዎች በክብር ስም ሳሎንጎ ይሏቸዋል፤ እኛም በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። አንድ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ጠፍጣፋ ብሩሽና ጥቁር ቀለም ሰጥተውኝ "ለቢሮዬ በር ነው" አሉኝ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ስሥል ኖሬ የመጣሁ ነኝና ምን ያቅተኛል ብዬ ጻፍኩት። ሳሎንጎ መነጽራቸውን አጥልቀው አዩት። "ፊደልሽ ያምራል" አሉ። "ስሙ ግን የእኔ አይደለም።" ማዕረጉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መነሻው ላይ ሁለት ኤስ አለው፤ እኔ አንዱን ውጬዋለሁ። ላሜራውን በቲነር አጥቤ እንደገና ጻፍኩ።

ካምፓላ የመጣሁት ባለቤቴ ለአየር መንገድ ሥራ ሲዛወር ነው። ለሁለት ዓመት ያልነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ልጃችንን ሩትን ኪዋቱሌ አሳደግናት፤ በዚያ ሰፈር ልማድ ጽጌ የሚለው ስሜ ቀርቶ እኔም በልጄ ስም ማማ ሩት ተባልኩ። ሳሎንጎም እንደዚያው ይጠሩኝ ነበር።

ወርክሾፑ ውስጥ ደረጃ ነበር። ከታች ላሜራ የሚያጸዱና የመነሻ ቀለም የሚቀቡ፣ ከዚያ ብረት ቆራጮችና በያጆች፣ ከዚያ ጻፊዎች፣ ከሁሉም በላይ ዋና ጻፊ። ዋና ጻፊ ለመሆን አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ታሻለህ፣ የመነሻ ቀለም ትቀባለህ፣ ሲደርቅ ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥረህ መስመር ትጥላለህ፣ ፊደሎቹን በእርሳስ ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ በኋላ ነው ብሩሽ የምታነሣው። ቸኩሎ ከብሩሽ የሚጀምር ሰው መጨረሻው ላይ ፊደል ማስገቢያ ያጣል።

የመንገድ ስም መቀየር ሲመጣ ሥራ ይበዛልን ነበር። የድሮ ቅኝ ገዢዎች ስም ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር በዚህ ከተማ አያልቅም። አንድ ጊዜ አዲስ ሰሌዳ ልንተክል ሄደን መንገዱ ጠፋንና ቦዳ የሚባለውን የሞተር ብስክሌት ታክሲ የሚነዳ ሰው ጠየቅን። የተጻፈውን አነበበና "እንዲህ የሚባል መንገድ የለም" አለን። የቆምነው እዚያው መንገድ ላይ ነበር። በያጆቹ ሲስቁ እኔ አልሳቅሁም። እኔ የምጽፈውን ስም ሰው ሁሉ በማግስቱ የሚጠራው ይመስለኝ ነበር።

ምሕረት የመጣችው ዋና ጻፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ። ደንበኛ እንድታመጣ ተቀጠረች። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አትችልም፤ ክር ስትወጥር እንኳ ይጎብጥባታል። ስታወራ ግን ሰው ይሰማታል። እኔ ሦስት ቀን ጎንብሼ የጻፍኩትን ሰሌዳ ደንበኛው ሊረከብ ሲመጣ፣ "ምሕረት፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው የሠራሽልኝ!" ብሎ የሚያመሰግነው እሷን ነበር። እሷ ሁልጊዜ "የጽጌ እጅ ነው" ትለዋለች። እሱም ዞር ብሎ ያየኛል፤ ተመልሶ ግን ከእሷ ጋር ያወራል።

ሳልደብቅ ልናገር፤ ቀናሁባት። ከወርክሾፑ ወጥታ የራሷን ቢሮ ስትከፍት ደግሞ ባሰብኝ። ሥራዋ ሰሌዳ ማስጻፍ መሆኑ ቀርቶ ስም ማሻሻጥ ሆነ። ድርጅቶች ለአንድ አደባባይ፣ ለአንድ አዳራሽ ወይም ለአንድ ሜዳ ገንዘብ አውጥተው በስማቸው ያስጠሩታል፤ እሷ መሐል ሆና ታዋውላለች። ቡጎሎቢ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር ባለ ሰገነት አፓርታማ ተከራየች። በቤተ ክርስቲያን ዝግጅት የፊት ወንበር ይለቀቅላት ጀመር። አንድ ቀን ሩትን ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ብዬ ብጠይቃት "እንደ ማሂ" አለችኝ። ምሕረትን ማሂ ነበር የምትላት። በቀለም የነተበ እጄን ጠረጴዛ ሥር ደበቅሁት።

እኛ ሰፈር ናካቶ የሚባል ሜዳ አለ። ናካቶ አዋላጅ ነበሩ። ሜዳው ቤት እንዳይሠራበት ከዘመዶቻቸው ጋር ሳይቀር ተሟግተው ለሰፈሩ ያስቀሩ እሳቸው ናቸው። ሲሞቱ ሰፈሩ ስማቸውን ሰጠው፤ ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴ መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ በቀጭን ቢጫ ጥላ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ሳልፍ ቆም ብዬ ሳላየው አልሄድም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምሕረት የተጠቀለለ ንድፍ ይዛ ወርክሾፕ መጣች።

"ጽግዬ፣ ይሄን ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጥም" አለችኝ። "የናካቶ ሜዳ ነው።"

"ምኑ?"

"ስሙ። ኦቱሎ የሚባለው የፍራሽ ፋብሪካ ለአሥር ዓመት ሊገዛው ነው። አጥር ያጥራሉ፣ መጸዳጃ ይሠራሉ፣ ውሃ ያስገባሉ። እሁድ ሰፈሩ ከተስማማ ያልቃል።"

ኦቱሎ በሉጋንዳ እንቅልፍ ማለት ነው። "የእንቅልፍ ሜዳ ልትይው ነው?" አልኳት።

ሳቀች። "ልጆቹ ይቀልዱበታል፤ አውቃለሁ። ውሃው ግን ቀልድ አይደለም። ለመሥራት የሚያስፈልግሽን ልክ አውጪና ንገሪኝ።"

እሷ ከወጣች በኋላ ንድፉን ዘረጋሁት። ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ የበሩ ነው፤ በብረት የሚቆረጡ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ፊደላት፣ ኦቱሎ ይላል። የእኔ ሰሌዳ ያለበት ቦታ ላይ "ይነሣል" የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ሁለተኛው ገጽ የሌላ ሰሌዳ ንድፍ ነው። ከበሩ ገባ ሲባል፣ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ የሚቆም፤ የናካቶ ፎቶግራፍና ሜዳውን እንዴት እንዳስቀሩት የሚናገር ጽሑፍ ያለበት። ኅዳጉ ላይ ምሕረት ለፋብሪካው በእጇ "ይህ ገጽ ከሌለ ውል የለም" ብላ ጽፋለች። ከሥሩ "በእጅ ይጻፍ፤ በጽጌ" ይላል።

ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ። ዓይኔ ግን የሄደው "ይነሣል" ወደሚለው ቃል ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። የሰፈሩ ሊቀመንበር መሐል ተቀመጡ፤ በአንድ ወገን ምሕረትና የፋብሪካው ተወካይ፣ በሌላው የናካቶ ልጅ ፍሎረንስ። ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር። አንዱ "ስም ውሃ አይቀዳም፤ ውሰዱት" ይላል። ሌላው "ዛሬ ሜዳውን ከሸጥን ነገ ቤተ ክርስቲያናችንን በሳሙና ስም ልንጠራው ነው" ይላል። ፍሎረንስ እጇን አጣጥፋ ዝም ብላለች።

ምሕረት ቆማ ተናገረች። እንደ ልማዷ ሰው ይሰማት ጀመር። ሩት ከጎኔ ናት፤ አፏን ከፍታ ታያታለች። ያን ጊዜ እጄን አነሣሁ።

"እኔ ሰሌዳ ጻፊ ነኝ" አልኩ፤ በዚያ በገበያ ሉጋንዳዬ። "የዚህን ሜዳ ስም የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው። አዲሱን ንድፍ አይቼዋለሁ። የናካቶ ሰሌዳ ይነሣል ይላል። ልጆቻችሁን ያዋለደችላችሁን ሴት አንሥታችሁ ፍራሽ ልትተክሉ ነው።"

ድንኳኑ ተናወጠ። "ማማ ሩት! ማማ ሩት!" ይሉ ጀመር። እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ምሕረት የያዘችውን የንድፉን ቅጂ ከፍ አድርጋ "ሁለተኛ ገጽ አለው! እዩት!" ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በአማርኛ፣ እኔና ሩት ብቻ በምንሰማው ቋንቋ፣ "ጽጌ፣ አይተሽዋል እኮ። ንገሪያቸው" አለችኝ።

ፊቴን ወደሚጠሩኝ ሰዎች መለስኩ።

ሊቀመንበሩ እጅ አስነሡ። አይሸጥ ያለው በዛ። የፋብሪካው ሰው ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ሩት "እማዬ፣ ጎበዝ ነሽ" አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ማሂ ምን ንገሪያቸው አለችሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "እንጃ" አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ሳሎንጎ ቢሮ ጠሩኝ። ትዕዛዙ መቅረቱን ሰምተዋል። ንድፉ ጠረጴዛቸው ላይ ነው።

"ይሄን ሁለተኛውን ገጽ አይተሽዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ለሰዎቹ ነግረሻል?"

"አልነገርኩም።"

አልተቆጡም። ንድፉን ጠቅልለው ሰጡኝና "ለምሕረት መልሺላት" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደንበኛ ጽሑፍ እኔ ጋ ሲመጣ ሌላ ሰው እንዲያነበው ያደርጉ ነበር። ዋና ጻፊ ሆኜ፣ ሥራዬ ሌላ ሰው ሳያየው የማይወጣ ሆንኩ። ንድፉን ግን ለምሕረት አልመለስኩም፤ ቁም ሣጥን ላይ ሸጎጥኩት።

ፋብሪካው ገንዘቡን ሌላ ሰፈር ወሰደ። እኛ ሜዳ አጥር የለውም። ክረምቱ ሲገባ አንድ እንጨት ነጋዴ ጣውላ ከዳር ደረደረ፤ "ለጊዜው ነው" አለ። ቀጥሎ መኪና አጣቢዎች በጀሪካን ውሃ እያመጡ ገቡ። ልጆቹ የሚጫወቱበት በግማሽ ጠበበ። ሰሌዳዬ ግን አለ፤ ያን አረንጓዴ መደብ የሳሙና አረፋና ጭቃ ይረጨዋል።

አንድ ቅዳሜ ቀለሙን ላድስ ብሩሼን ይዤ ሄድኩ። ፍሎረንስ ጀሪካን ተሸክማ ስታልፍ አየችኝና አወረደች።

"አሁንም ትጽፊዋለሽ?" አለችኝ።

"የእናትሽ ስም አይደል" አልኳት።

"እናቴ ስሟን አልጠየቀችም። አሥር ዓመት ሙሉ ለዚህ ሜዳ ስትለምን የኖረችው ውሃ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ቤት ገብታ ውሃ ስታጣ ያስለቅሳት ነበር።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?"

"ስሟ ይጠፋል ስትዪ፣ ልጇ ሆኜ ይጥፋ ልበል?"

ብሩሹን ቲነር ውስጥ ከተትኩት። የዚያን ዕለት ሥራዬን አልጨረስኩም። ቤት ሄጄ ንድፉን አወረድኩ፤ ቦዳ ያዝኩና ቡጎሎቢ ሄድኩ።

ምሕረት በሩን ከፍታ ግቢ አላለችኝም። ንድፉን ሰጠኋት።

"አንብቤው ነበር" አልኳት። "ሁለቱንም ገጽ።"

"አውቃለሁ። እኔ የማላውቀው ለምን እንደሆነ ነው።"

"ቀናሁ።"

"በምኔ?"

"በሁሉም" አልኩ። "ሩት እንኳ አንቺን ነው መሆን የምትፈልገው።"

"ጽጌ፣ ያን ገጽ ለማስገባት ከፋብሪካው ጋር ሁለት ወር ተጨቃጭቄያለሁ። በእጅ ይጻፍ ስላቸው፣ ማሽን እያለ ለምን ብለው ስቀውብኛል።" ንድፉን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው። "ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል? የዋሸሽው እዚያ ነው። እዚያው ሄደሽ ተናገሪ።"

በሩን ዘጋችው።

በሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ ቆሜ ተናገርኩ። ሩትም ነበረች፤ እንድትመጣ የለመንኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ገጽ ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ አይቼው እንደነበርና በቅናት እንደደበቅሁት ነገርኳቸው። ያጨበጨበ የለም። አንድ ሽማግሌ "ገጹ ቢኖርም አልሸጥም እል ነበር" አሉ። አንዲት ሴት "እኔ ግን እሸጥ ነበር፤ ያንቺን ቃል አምኜ ነው እጄን ያነሣሁት" አለችኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቤት ስንደርስ ሩት ላጥበው ያነሣሁትን ቀለም የነካ ሽርጤን ከእጄ ተቀብላ አጠበችው።

ፍራሽ ፋብሪካው አልተመለሰም። ሊቀመንበሩና ፍሎረንስ ተሟግተው እንጨት ነጋዴውን አስነሡት፤ መኪና አጣቢዎቹ ግን ዛሬም አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የዘር መሸጫ ሱቅ ቧንቧ አስገባ። ስሙ የተጻፈው ቧንቧው ላይ ብቻ ነው፤ የሜዳው ስም አልተነካም። ያዋዋለችው ምሕረት ናት። ሰሌዳውን ያስጻፈችው ሌላ ወርክሾፕ ነው፤ ከእኔ ጋር ሰላምታ እንጂ ሥራ የላትም። ፊደሎቹ በማሽን የተቆረጡ ስቲከር ናቸው፤ አንደኛው ጫፉ መላቀቅ ጀምሯል። ጀሪካኔን ስሞላ አየዋለሁ፤ ዛሬም እቀናለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ጻፊዎች ምን ትመክሪናለሽ ይሉኛል። የምመክረው ይሄንን ነው፤ ስለ ስም ክርክር ሲነሣ የምትናገሩ ከሆነ በእጃችሁ ያለውን ወረቀት ሁሉንም ገጽ አንብቡላቸው። ወረቀቱን ያመጣው የምትቀኑበት ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ለሌላ ሰው ስጡትና እሱ ያንብበው።