ስለ አንድ እጅጌ

ነሐሴ በገባ ቁጥር ሰቆጣ ውስጥ በየሱቁ በር ላይ የሚሰቀሉት የሻደይ ቀሚሶች ደሜን ያፈሉታል። ጥለታቸው አልተሸመነም፣ ታትሟል፤ ጨርቁ ሲሸቱት ጎማ ጎማ ይላል፤ ባለሱቁ ግን «እህቴ፣ ይሄ እኮ ቢታጠብ ቢታጠብ አይጨማደድም» እያለ ጉድለቱን እንደ ሙያ ይቆጥርልኛል። ባለፈው ሳምንት አንዱን አስወርጄ ገለበጥሁና ስፌቱን አየሁት። ግራና ቀኝ እጅጌው ልክ ለልክ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ማን እንደሰፋው የሚያሳብቅ አንድ የተሳሳተ ቦታ እንኳ አጣሁበት። እኔ በልጅነቴ የለበስሁት የሻደይ ቀሚስ ደግሞ ያልተሳሳተ ቦታ አልነበረውም፤ ከነብስጭቱ ትዝ አለኝ።

ስፌት የተማርሁት እቤቴ ነው። ታናሽ አክስቴ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪናዋን እኛ ቤት አስቀመጠች፤ ክር እንዴት እንደሚገባ፣ የጨርቅ ጫፍ እንዴት እንደሚቀመቀም አሳየችኝና «በይ እንግዲህ፣ ያንቺ ናት» አለችኝ። እሷም ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ በእኛ ቤት «ያንቺ» የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ገና የመጀመሪያውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር ሳስገባ ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያዬን ከቦ ይስል፣ ይተነፍስ፣ ይመክር ጀመር። ትራስ ልሰፋ ብዬ የተቀመጥሁባት ቀን ትራሱ እጄ ሳይገባ አለቀ፤ እናቴ ጀመረችው፣ ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ጨረሰው፣ አባቴ ባረኩት።

አባቴ ቄስ ነበሩ። በተማሪነታቸው ብራና መጠረዝ ተምረዋልና ስፌት የሚባል ነገር ሁሉ ከእሳቸው የተሰወረ አይመስላቸውም፤ ክሩን ሁለት አድርገው፣ በሰም አሽተው፣ የልጅ ቀሚስ እንደ ዳዊት ለብዙ ትውልድ እንዲቆይ አድርገው ይሰፋሉ። እናቴ ዕድሜዋን ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ለካኝ ለካኝ የሚል ሰው አትወድም፣ ዓይኗ ሜትሯ ነው፣ ከተቃወሟት ደግሞ በአማርኛ የጀመረችውን ቁጣ በአገውኛዋ፣ በኽምጣና ትጨርሰዋለች። ሲሳይ የመኪናዋን መዘውር የሚያዞረው ወፍጮ የሚያዞር ይመስል ነበር። እኔ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እያልሁ ብነጫነጭ አባቴ በእርጋታ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። ሁለት ብንሆንማ ምን ገዶኝ! አራት ነበርን።

የዚያ ክረምት ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፤ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በራሴ እጅ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ፣ ወገቤ ላይ ለምለሙን የሻደይ ሣር አስሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ልጃገረዶች ጋር መጨፈር። እናቴ ነጭ አቡጀዲ ገዛችልኝ፤ ጊዜውም በቂ መሰለኝ። በፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አባቴ ጧት ጧት እቤት መዋላቸውን አላሰብሁበትም ነበር። ጾመኛ፣ ሥራ ፈት፣ ብራና ጠራዥ አባት ጧት ጧት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይፍረድብኝ። የቀኙን እጅጌ እሳቸው በስንዝራቸው ለኩት፤ የግራውን እናቴ በስንዝሯ ለካችው። የአባቴ መዳፍ ደግሞ የመቋሚያ መዳፍ ነው፣ ሰፊ። ሁለቱ እጅጌዎች ሲገናኙ አንዱ ጣቴን ደብቆ፣ ሌላው ክርኔን ገልጦ ቀረ፤ ሁለቱም «የኔው ነው ልኩ» ብለው ተጣሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ በዓሉ አለ። በቄስ ቤት በበዓል ቀን መርፌ ጨርቅ አይወጋም፤ ነሐሴ ደግሞ በዓል አያልቅበትም። አቦ ሲያልፍ ጽንሰታ ይመጣል፣ ሚካኤል ሲሸኝ ቡሄ ይደርሳል፣ በመካከሉ ቅዳሜና እሑድ አሉ። እኔ ብልጥ መስሎኝ አንድ ቀን አባቴን «አባ፣ መስፋቱ ይቅር፣ የተበላሸውን መተርተርስ ይከለከላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻም «መስፋት ሥራ ነው፤ መተርተር ግን ስሕተትን ማረም ነው። ይፈቀዳል» አሉ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን እጃቸው ሥራ ለምዶ የሚበላቸው የቤታችን ሰዎች የተፈቀደ ሥራ አገኙ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀሚሴን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ፣ በሰላምና በፍቅር ይተረትራሉ። እናቴ የአባቴን ስፌት ትተረትራለች፣ አባቴ የሲሳይን ይተረትራሉ፣ የማንም ጥፋት የሌለበትን እኔ የሰፋሁትን ወገብ ሳይቀር «ትንሽ ጠምማለች» ብለው ፈቱት። በሥራ ቀን የሰፋነውን በበዓል እየፈታን፣ ቀሚሱ ወደ ሻደይ መቅረቡ ቀርቶ ወደ ጣቃነቱ ይመለስ ጀመር። አለቀስሁ፣ ተቆጣሁ፣ መኪናዋን ተሸክሜ ጎረቤት ልሄድ ተነሳሁ፤ ጎረቤቶቻችንም ሰፍተው እንደማያውቁና ሊረዱኝ እንደሚጓጉ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

በዋዜማው አባቴ ቤተ ክርስቲያን ዋሉልኝ፤ እናቴም ለጾም መፍቻው ጉድ ጉድ ትል ነበርና እግዜር ይስጣት አልደረሰችብኝም። ገላውን ገጠምሁ፣ ታችኛውን ጠርዝ ቀመቀምሁ፣ የቀኙን እጅጌ አሳጥሬ አስገባሁ። የግራው ብቻ ሲቀረኝ ሲሳይ «ደክሞሻል» ብሎ መዘውሩን ተረከበኝና ያለችንን አንዲት የመኪና መርፌ ሰበራት። በእጅ መርፌ ልቀጥል ስል ፀሐይ ገባች። በእኛ ቤት በዓል የሚገባው ማታ ነው፤ እናቴ መጥታ መርፌውን ከእጄ ወሰደች።

በማግስቱ አባቴ ቀድሰው ሲመለሱ ባለ አንድ እጅጌውን ቀሚስ ለብሼ ግድግዳ ተደግፌ አገኙኝ። የልጃገረዶቹ ከበሮ ከታችኛው ሰፈር ይሰማል። እናቴ ነጠላ ደርቢበት ብላኝ ነበር፤ እጁን ወደ ላይ እያነሳ የሚጨፍር ሰው ነጠላ የት ይቆይለታል? አባቴ አዩኝ፣ ከበሮውን አዳመጡ፣ ከዚያ ጥምጥማቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

«መርፌውን አምጭው» አሏት እናቴን።

«ቄሴ፣ ዛሬ እኮ ፍልሰታ ናት!»

«አውቃለሁ። የቀደስሁት እኔ ነኝ።»

ክሩን እንኳ ላስገባላቸው ብል እጄን መለሱት። «አንቺ አትንኪ። አንድ ሰው ይበቃል» አሉ። ዓይናቸው ደከም ብሎ ስለነበር ክሩ እምቢ እያለ፣ ከበሮው እየቀረበ፣ እኔ በቁሜ እያለቅሁ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ በሰም የታሸ ድርብ ክር እያጠበቁ እጅጌውን ክንዴ ላይ እንዳለ ሰፉት። ሲጨርሱ አየሁት፤ ተገልብጧል! የስፌቱ ውስጥ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ክሩ ከነፍርፍሩ እንደ ተባይ ብብቴ ሥር ተንጠልጥሏል። መተርተሪያ ጊዜ አልነበረም። ግራ እጄን ከጎኔ ሳላነሳ፣ ልጃገረዶቹ «ክንድሽን ምን ነካው?» እያሉኝ፣ ሻደይን እየጨፈርሁም እየተናደድሁም አሳለፍሁት። እቤት ስገባም ለሰማ ላልሰማው ሁሉ ስለዚያ እጅጌ አወራሁ።

ሻደይ አለፈ። ጾም ተፈትቶ ቤቱ ሁሉ እርጎና ሥጋ ሲበላ አባቴ ግን ሽሯቸውን ይዘው ቀሩ፤ ሆዳቸውን አሟቸው ይሆናል ብዬ አለፍሁት። አንድ ቀን ግን ከጓሮ እንጨት ላመጣ ስወጣ ከቤቱ ኋላ ሲሰግዱ አየኋቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወድቀው ሲነሱ በእጃቸው ድንጋዩን ይይዛሉ፣ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ደግሞ ይወድቃሉ። ሮጬ ገብቼ እናቴን ምን ሆነው ነው አልኋት።

«ያንቺ እጅጌ ነው» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ለንስሐ አባታቸው ነገሩ፣ እሳቸውም ጾምና ስግደት አዘዙባቸው። ደግሞ 'ይጸጽትዎታል ወይ?' ሲሏቸው 'መዋሸት አይሆንልኝም፣ አልጸጸተኝም' አሉ። ጨመሩባቸዋ! ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እንደ ደግ ነገር!» አለችና የቀረውን በኽምጣና ጨረሰችው።

አሁን ሲሳይ ባሕር ተሻግሯል፤ ሲደውል ስለ ስፌት አያነሳም። እናቴ ዓይኗ ፈዝዟል፤ ጨርቅ ብሰጣት ዳብሳ «ጥሩ ነው» ትለኛለች፤ በጤናዋ ሳለች «ጥሩ ነው» ብላ አታውቅም። እኔ በመብራት የምትሠራ መኪና አለችኝ፣ የመርፌ መጠባበቂያ አለኝ፣ እጅጌዎቼም ልክ ለልክ ናቸው። ከእጄ ጨርቅ የሚነጥቅ፣ በስንዝሩ የሚለካብኝ፣ የሰፋሁትን የሚፈታብኝ የለም። ያኔ እያለቀስሁ እግዜርን የለመንሁት ይህንኑ ነበር፤ ሰጠኝ፣ ምን ላድርገው? ባሌ ይወደኛል፣ ልጆቼም ይወዱኛል፤ አልካድሁም። ለእኔ ሲል እያወቀ ከፈጣሪው ተጣልቶ፣ ሲጠየቅም አልጸጸተኝም ያለውን ሰው ግን ቀብሬዋለሁ።