የሠላሳ ሁለተኛው ሰው ተራ

ሐረር፣ ኤረር በር ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ፣ ከቅርቦቹ ኮረብታዎች ጀርባ አንዲት የጎበጠች ኮረብታ አለች። ስሟን አላውቅም። እኛ በቁጥር ነበር የምንጠራት፤ ቁጥሯንም ረስቼዋለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጠዋት ከአቦከር እነሳለሁ፣ ፈረስ መጋላን አቋርጣለሁ፣ ሳላስበው እግሬ እዚያ በር ላይ ያደርሰኛል። ባለባጃጆቹ «እማማ፣ ከመንገድ ይውጡ!» ይሉኛል። እወጣለሁ። ኮረብታዋን ግን ሳላይ አልመለስም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሜሮን ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ እንዳታስተካክለውም ነግሬያታለሁ። ሜሮን የሰፈራችን ቦኖ ጠባቂ ናት። ቧንቧዋ በፈረቃ ስለምትመጣ ሰው ከጀሪካኑ ጋር ረጅም ሰልፍ ይቆማል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች። ከየት እንደተፈናቀለች እንጃ፣ ከሰፈራችን ዳር አንድ ክፍል ተከራይታለች አሉ። ሰልፈኛው አጉረመረመ። «ካርድ የላትም!» «የዚህ ቀበሌ አይደለችም!» ሴትዮዋ ተራዋ ሲደርስ ሜሮን ቧንቧዋን ዘጋችና «አልቋል» አለቻት። አላለቀም ነበር። ሴትዮዋ «እሺ» ብላ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ሄደች።

ያን ቀን ሜሮንን አልተቆጣኋትም። ቤት ገብተን «ወረቀት አምጪ» አልኳት።

ወደ ጦር ሜዳ የሄድኩት በሃያ ዓመቴ ነው። ጦርነቱ ወደ ከተማችን እየተጠጋ ነበር። ስንቅና ውሃ የሚያቀርብ ሰው ከየቀበሌው ሲጠየቅ ሄድኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ጎረቤቶቼ ሲሄዱ ቤት መቀመጥ አፍሬ ነው። ጠመንጃም ሰጥተውኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ተኩሻለሁ። ምን እንደመታሁ አላውቅም፤ ምንም ባልመታ ደስ ይለኛል።

ክፍላችን በወታደር አጠራር መቶ ይባላል። መቶ ይባል እንጂ ሠላሳ አንድ ነበርን። አዛዣችን የመቶ አለቃ ተፈራ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ቀጭን ሰው ነበር። በውሃ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ተራ የሚያዘው እንደ አመጣጥ ነው፣ አዛዥ መጨረሻ ይጠጣል፣ አለቀ።

ውሃውን ከኮረብታዋ ግርጌ ካለች ምንጭ በአህያ አመጣለሁ። ጠዋት ለሰው አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። ጣሳዋ እስከ አፏ አትሞላም። ጣቴን ከጠርዟ ሥር አስገባለሁ፤ ውሃው ጣቴን ሲነካ አቆማለሁ። ማን ጠጣ ማን ቀረ ብዬ መጻፍ ስለማልችል ሲባጎ ያዝኩ፤ ለአንድ ሰው አንድ ቋጠሮ። እየቀዳሁ በአውራ ጣቴ ቋጠሮ አልፋለሁ። መጨረሻው ቋጠሮ ላይ ከደረስኩ ሁሉም ጠጥቷል ማለት ነው።

ሲባጎዋን የሰጠኝ አብዶሽ ነው። መኪና ግርግር በምንለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ነበር። ተራው ሲደርስ ጣሳውን አጎንብሶ ያይና «አስኩ፣ ወላሂ ዛሬ አውራ ጣትሽን ነው የከተትሽው!» ይለኛል።

«ሌባ ጣቴን ነው» እለዋለሁ።

«ይኸው፣ ራሷ አመነች!» ይላል። በየቀኑ ያው ቀልድ ነው፣ በየቀኑ እንስቃለን።

ኮረብታዋ ላይ በመሸግን በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጥቃት ተከፈተብን። ጭጋግ ነበር። መጀመሪያ መትረየስ ሰማን። ከዚያ ሁሉም ድምፅ ተቀላቀለ። ምሽጋችንን አልለቀቅንም። 4 ሰዓት ላይ ጸጥ አለ። ሦስት ሰው አጣን። ከሦስቱ አንዱ የአስር አለቃ ደምሴ ታናሽ ወንድም ነው። ወንድማማቾቹ ከሩቅ ደጋ አብረው የመጡ ነበሩ። ደምሴ አላለቀሰም። የወንድሙን ጫማ አጠገቡ አስቀምጦ ሲያየው ዋለ። እኔም የሦስቱን ቋጠሮ ልፈታ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

10 ሰዓት ላይ ከምሽጉ በታች ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ ጭኑን የተመታ ሰው አገኘን። ከወዲያኛው ወገን ነው። ወጣት አይደለም፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። «ቢዮ» አለ። ሐረር ያደገ ሰው ይህን ቃል ገበያ ውስጥ ሲሰማ ነው የሚያድገው። ውሃ ማለት ነው።

የመቶ አለቃው ጠርቶኝ «አስካለ፣ አንድ ቋጠሮ ጨምሪ» አለኝ። ፊቱ ቆሜ ቋጠርኩ። ሠላሳ ሁለት።

ማታ ተራ ተያዘ። የመቶ አለቃው ቁስለኞቹ ዘንድ ወርዷል። ሰውዬው እግሩን ታስሮ፣ ውሃው አጠገብ ካለች ቋጥኝ ሥር ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እየጠጣ ሄዶ ደምሴ ቀረ። ሸሚዙ ላይ የወንድሙ ደም ደርቋል። ጣሳውን እየዘረጋ ቀስ ብሎ፣

«አስኩ፣ ለዚህ የምትሰጪው የወንድሜን ድርሻ ነው» አለኝ። «ከሰጠሽው ሁለተኛ ወንድሜ እንዳትዪኝ።»

ቀዳሁለት። ጠጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ጀሪካኑን አንስቼ ነቀነቅኩት። የሁለት የሦስት ሰው ውሃ አለው። ወደ ሰውዬው ዞርኩና «አልቋል» አልኩት።

አማርኛ ይወቅ አይወቅ እንጃ። ውሃው ሲንቦጫረቅ ግን ሰምቷል። ትክ ብሎ አየኝና «ሃዬ» አለኝ። እሺ ማለቱ ነው።

የመቶ አለቃው ሲመለስ «ሁሉም ጠጣ?» አለኝ። አውራ ጣቴ መጨረሻው ቋጠሮ ላይ ነበር።

«ጠጣ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከማንም በፊት ለሰውዬው ቀዳሁለት። ጣቴን አላስገባሁም፣ እስከ አፏ ሞላሁለት። ደምሴ ተራው ደርሶ ስቀዳለት ጣሳውን ቋጥኟ ላይ አስቀምጦ ጥሎት ሄደ። አንዱ «ታዲያ እኔ ልጠጣለት?» ሲል የመቶ አለቃው «የሰው ተራ አይነካም፤ ይቀመጥለት» አለ።

ጣሳዋ ከሰውዬው እጅ አንድ ክንድ አትርቅም። ቀኑ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። የሰውዬው ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ደምሴ ከምሽጉ ሆኖ ዓይኑን ከጣሳዋ አልነቀለም። እኔም አልነቀልኩም። 8 ሰዓት ገደማ ሰውዬው እጁን ዘረጋ። ዝንብ ነበር ያባረረው። ከዚያ ከአንገቱ ላይ ጨርቁን ፈታና ጣሳዋን አለበሳት።

ማታ ደምሴ መጣ። ጨርቁን አራግፎ ለሰውዬው መለሰለት። ውሃውን ቆሞ ጠጣ። ከዚያ የማታውን ተራ ያዘ፤ ከሰውዬው ቀጥሎ።

አብዶሽ ዝም ማለት አይችልም። «አስር አለቃ፣ ዛሬ እንግዳ አስቀደምክ?»

«አንተ የሷን ጣት ጠብቅ!» አለው ደምሴ።

ሳቅን። ሰውዬውም ምኑም ሳይገባው አብሮን ሳቀ። እኔ ብቻ ጀሪካኑን ይዤ አቀርቅሬ ነበር። ደምሴ ወንድሙ ሞቶበትም ልቡ ተመለሰ። እኔ ማንም አልሞተብኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ጠጣን። 3 ሰዓት ላይ መድፍ መጣ። አህያዬ ቀድማ ሞተች። ከዚያ ሰው። እስከ 6 ሰዓት መሬቷ ከሥራችን ተናወጠች። ደጀን ደርሶልን ተኩሱ ሲርቅ ከጉድጓዶቻችን ወጣን። ሰውዬው እዚያችው ቋጥኝ ሥር ሞቶ ነበር። እግሩ የታሰረ ሰው የት ይሸሻል?

10 ሰዓት ላይ ሙታኑን ቆጠርን። የመቶ አለቃ ተፈራ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ ደብተሩን ገለጠ።

«የቀደሙትን ሦስቱን ጨምሮ፣ አሥራ ሦስት» አለ።

«በእኔ አሥራ አራት ነው ጌታዬ» አልኩ።

ደግሞ ቆጠረ። አሥራ ሦስት። የሰውዬውን ስም ማንም አልጠየቀውም፤ ስሙ ያልታወቀ ደግሞ ደብተር ውስጥ አይገባም። ደምሴ አካፋ ይዞ ቆሟል።

«አሥራ አራት ነው» አለ። ወደ አብዶሽ ዞሮ «እናንተ ፊቱን ወዴት ነው የምታዞሩት?» ሲለው አብዶሽ ቂብላውን በእጁ አሳየው። ደምሴ ብቻውን ቆፈረ፤ አግዙት ቢባልም እምቢ አለ።

ደምሴ ኋላ ከሌላ ግንባር አልተመለሰም። የመቶ አለቃውም በሽታ ወሰደው። አብዶሽ አለ፣ አላህ ያቆየው። ዓይኑ ደክሞ መርፌው ላይ ክር የሚያሰካው በልጁ ነው። ባለፍኩ ቁጥር «አስኩ፣ ጣትሽ ደህና ናት?» ይለኛል። እንስቃለን። ለእሱም ግን የዚያን ማታውን አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ነው።

ስለ እኩልነት በቀበሌ ስብሰባ ብዙ ሰምቻለሁ፤ አጨብጭቤያለሁም። መጥፎ ነገር አይሉም። እኔ ግን ስለ እሱ የማውቀው አንድ ጣሳ ነው፣ ሌላ አላውቅም። ሥልጣን ማለት ሩቅ ያለ ነገር ይመስለን ነበር። ያን ማታ ጀሪካኑ በእኔ እጅ ነበር። ለዚያ ሰውዬ መንግሥቱም ሕጉም እኔ ነበርኩ። «ካርድ የለውም» የሚል ሰልፈኛ እንኳ አልነበረኝም፤ አንድ ሐዘንተኛ ወንድሜን ፈርቼ ነው። የፈራሁት ሰው በአንድ ቀን ተለወጠ። የዋሸሁት ግን አልተለወጠልኝም።

ሲባጎዋ አሁንም አለችኝ። ሠላሳ ሁለት ቋጠሮ። ከሠላሳ ሁለቱ አሥራ አራቱ ያቺ ኮረብታ ላይ ናቸው። አሥራ ሦስቱ ድርሻቸውን ሳይጎድልባቸው ጠጥተው ነው የሞቱት። አንዱ ሦስት ጊዜ ጠጣ። አራት መሆን ነበረበት።

ሜሮን፣ ቀና በይ። እሱን የት አገኘዋለሁ? ያንቺዋ ግን ሩቅ አልሄደችም፤ እዚሁ ከሰፈራችን ዳር ናት፣ ልጅ አዝላለች። ይበቃል፣ ብዕሩን አስቀምጪ። ጀሪካኑን ሙዪና ሂጂ። ስሟንም ጠይቂያት።