የጀሶው መርከብ

የቴሌቪዥኔን ማስቀመጫ በወለወልሁ ቁጥር ያ የጀሶ መርከብ ነጭ ዱቄቱን ያራግፍብኛል። ወንድሜ ታደሰ ከሊዝበን ገዝቶ ያመጣው የሐውልት ምስል ነው። እውነተኛው ሐውልት ከትልቅ ወንዝ ዳር እንደ ፎቅ ቤት ተገትሮ የቆመ፣ ባሕር ተሻግረው አዲስ አገር ያሰሱ ፖርቱጋሎች በመርከብ አፍንጫ ላይ ተደርድረው የተቀረጹበት ነው፤ የኔው ግን ከመዳፌ አይበልጥም፣ ሥራውም ቤት ማቆሸሽ ብቻ ነው። ልጥለው ብዬ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ወስጄው አውቃለሁ። መልሼ አመጣሁት።

ታደሰ ታላቄ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እዚህ በስደት አገር፣ ሮቢንስዴል ባለው ቤቴ፣ ቤዝመንት በምንለው ምድር ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ታዲያ ምኑም ሳይጎድል አንድ ቀን ተነሥቶ አፕል ቫሊ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ለአረጋውያን የተሠራ አፓርትመንት ውስጥ ለብቻዬ ልኑር አለኝ። እንቁላል እንኳ መቀቀል የማይችል ሰው! ምክንያቱን ስጠይቀው «እዚያ ዳማ የሚጫወት ሰው አለ» አለ። «ክፍል ሰጠሁህ፣ የራስህን ሻወር ሰጠሁህ፣ ትኩስ ምግብ ይወርድልሃል፤ ምን ጎደለብህ?» አልሁት። በማግስቱ እንደገና ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ መለስሁለት። ተኳርፎ ከሰው ቤት መውጣት ነውር ነው፣ አንቺ እሺ ካላልሽ አልሄድም እያለ፣ እኔም እሺ አልልም እያልሁ ወራት አለፉ። ነርስ የሆነችው ልጄ ሰናይት ጭቅጭቃችን ቢሰለቻት ቫኬሽን ወስዳ ሁለታችንንም ይዛን በረረች። ሊዝበንን የመረጠው እሱ ነው።

ሐውልቱ ሥር ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል፣ ጉልበቴ ደግሞ የራሱን ይናገራል። ታደሰ ግን አንድ ሰው ይፈልጋል፤ በጥንት ዘመን ከፖርቱጋል ንጉሥ ተልኮ ወደ አገራችን የመጣውን፣ ነገሥታቱ ርስትና ሚስት ሰጥተው አንለቅህም ያሉትን፣ እዚያው አርጅቶ የሞተውን መልእክተኛ። የድንጋይ ሰዎቹ ሁሉም ካባ ለብሰዋል፣ ሁሉም ሽቅብ ያያሉ፣ ሁሉም ወንድማማች ይመስላሉ። በአንዱ ጎን ያሉትን ሁሉ እያንጋጠጥን ከጨረስን በኋላ ሰናይት ስልኳን አይታ «ጋሼ፣ ሮንግ ሳይድ ነን» አለችው። ዞርን። በዚያኛው በኩል ካሉት መካከል አንዲት ሴት አየሁ፤ ተንበርክካለች፣ እሷም ንግሥት ናት። መልእክተኛውን ያገባችው፣ ያበላችው፣ ልጅ የወለደችለት ያገራችን ሴትስ የት አለች? ብዬ ጠየቅሁ። ታደሰ ሰውየውን አግኝቶታል። ከፊቱ ያሉት ስለጋረዱት ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር የሚታየው። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ቱሪስት መካከል ባርኔጣውን አወለቀና ወደ እኔ ዞሮ ጎንበስ አለ።

«ጃንሆይ፣ ዘመኔ እያለቀ ነው፤ ያሰናብቱኝ።»

ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ጎንደር፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ወለሉ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል በተጎዘጎዘበት የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ነው። የታሪክ መምህራችን የዚያን መልእክተኛ ነገር ለወላጆች ቀን ቴአትር አድርገው አዘጋጁት፤ በከተማችን ያረጀ ድንጋይ ሁሉ ፖርቱጋል ሠራው ስለሚባል ወላጆቻችን በጉዳዩ አዋቂ ነን ብለው አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ንጉሡ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው፤ መልእክተኛውን ፈረንጅ ለማስመሰል ፊቱ ላይ የሚነሰነሰውን ዱቄት የሚያመጣው እሱ በመሆኑ ዙፋኑን የሚከለክለው አልተገኘም። መልእክተኛው የበግ ጠጉር ጢም የተለጠፈለት ታደሰ ነበር። የሚስቲቱ ቦታ ግን አስቸገረ፤ ሴት ልጁን ከሰው ልጅ አጠገብ ሚስት ብሎ የሚያስቀምጥ አባት በጎንደር ስለጠፋ መምህሩ አስበው አስበው የገዛ እህቱን ሚስት አደረጉለት። አንድም ቃል አልተሰጠኝም። ሥራዬ እንዝርት እያሾርሁ መቀመጥ ነበር።

ታደሰ እየተንበረከከ ያሰናብቱኝ ይላል፤ ንጉሡም «ርስት ሰጠንህ፣ ሚስት ሰጠንህ፣ ምን ጎደለብህ?» እያለ ይመልሰዋል። በልምምዱ ጊዜ እንስቅ ነበር። በዕለቱ ግን ጢሙ አሳክኮት ይሁን ሕዝቡን ፈርቶ፣ ታደሰ የምሩን አለቀሰ፤ እንባው በዱቄቱ ላይ ሲወርድ ሊጥ ሆነ። ያን ጊዜ እናታችን፣ በሰው ፊት ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ እናታችን፣ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ «ኧረ ስለ እመብርሃን ልቀቁት! እናት የለችውም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ፤ በሥርዓት ያደገ ልጅ ነበር። «እሺ እማማ» አለና ወደ ታደሰ ዞሮ «በል ሂድ» አለው። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብለው «አይሄድም! ታሪክ ነው፣ አይሄድም!» ቢሉ አንድ ሽማግሌ «ተው መምህር፣ ንጉሥ ከፈቀደ ወዲያ አንተ ማነህ?» አሏቸው። ታደሰም ጢሙን በእጁ ይዞ በበሩ ወጥቶ ሮጠ። ስለ ሚስቱ ያሰበ አልነበረም። አቁሚ ያለኝ ስላልነበረ ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ እንዝርቴን ሳሾር ቆየሁ።

ሊዝበን ላይ ታደሰ ባርኔጣውን እንደያዘ መልስ ይጠብቃል። የንጉሡ ቃል አፌ ላይ መጣ፤ ርስቱ፣ ሚስቱ፣ ከዚያ ደግሞ ሻወሩና ትኩሱ ምግብ ተከትለው መጡ። ዋጥሁት።

«በል ሂድ» አልሁት።

«ጮክ በይ እንጂ እቴ፣ ንጉሥ እኮ ነሽ!»

«ሂድ አልሁ! መድኃኒትህን ረስተህ ብትሄድ ግን እኔ የለሁበትም።»

ሰናይት ነገሩ ሳይገባት ፎቶ አነሣችን። እሱ ይስቃል፤ እኔ ተቆጥቻለሁ።

አሁን አፕል ቫሊ ነው። ጠዋት ጠዋት እየደወለ ሽሮው ለምን እንደሚጓጉል ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ፣ በማግስቱ እንደገና ይጠይቀኛል። ቤዝመንቱ ንጹሕ ነው። በሩ ሥር ተጥሎ የሚያደናቅፈኝ ጫማ የለም፣ ዜናውን አስጩኾት ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት የምደበድብበት ምክንያትም የለም። እናታችን ካረፈች ቆየች። መምህሩ በሕይወት አይኖሩም፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ የት እንደገባ አላውቅም፤ አዳራሹም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል አሉ። ያን ቀን ከነበሩት ውስጥ እኔ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ቀርተዋል፤ አንደኛው ሽሮ መሥራት አይችልም።

ባለፈው እሑድ ምሳ በልቶ ሊሄድ ሲል ያን የጀሶ መርከብ አንሥቶ ሲያገላብጥ ቆየና በዚያው እጁ ፊቱን አሸት አደረገ። ነጩ ዱቄት ግንባሩና ጉንጩ ላይ ቀረ። ልነግረው አፌን ከከፈትሁ በኋላ ተውሁት። እንደዚያው ነጭ እንደሆነ በበሩ ወጣ፤ እኔም የመወልወያውን ጨርቅ በጣቶቼ መካከል እያሾርሁ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁት።