በንጉሡ ሠ የተጻፈ ስኳር

ኩራተኛ ነሽ ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ባልኮራ ነበር የሚገርመው።

በወረርሽኙ የሎክዳውን ጊዜ፣ በስደት በምኖርበት ከተማ ትሮይቪል ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤቴ ሳልወጣ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ የአንድ ጅምላ ነጋዴ የማዘዣ ሲስተም እንዳይበላሽ እከታተል ነበር። ነጋዴው የኛው አገር ሰው፣ ሐጂ ናቸው፤ "ልጄ" ነው የሚሉኝ። በየሎኬሽኑ፣ ማለትም ከከተማው ዳር ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ከተማ መምጣት ስለከበዳቸው የሚፈልጉትን በስልካቸው በአማርኛ ይጽፋሉ፤ የሐጂ መኪና ታደርስላቸዋለች። ሲስተሙ ያለው ክላውድ ላይ ነው፤ ማለትም የሰው ኮምፒውተር ላይ ተከራይተን ነው። ይህን ስነግራቸው ሐጂ "ደመና ላይ? እንግዲህ ዝናብ ሲመጣ አደራሽን" ብለው ሲስቁብኝ ከረሙ።

አንድ ቀን አከራዮቹ፣ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር አሮጌ ቨርዥን ልንዘጋው ነውና ወደ አዲሱ እለፉ አሉን። እሁድን መረጥኩ። መኪናዋ ሰኞ ማለዳ ስለምትወጣ ትእዛዝ የሚገባው እሁድ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ በፊት ነው፤ ጠዋት ግን የሚያዝ ሰው ጥቂት ነው። የነበረውን ሁሉ ቅጂ አስቀመጥኩ፣ አዲሱን ጫንኩ፣ የዕቃዎቹን ዝርዝር አሻገርኩ። "ስኳር" ብዬ ብጽፍ ወዲያው መጣ። ለሐጂ "አለቀ" ብዬ ነገርኳቸውና ደረቴን ነፍቼ ሻይ አፈላሁ።

ከሰዓት በኋላ ጻካኔ የሚባለው ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያለው ደንበኛችን ደወለ። የዚህ ሰው የመኖሪያ ወረቀት ገና አልታደሰም፤ ፖሊስ ስለሚፈራ ከሱቁ አይርቅም። መኪናዋ ካልመጣችለት መደርደሪያው ባዶ ይቀራል።

"ሲሲ፣ ስኳር የለም ይላል። እንቁላልም የለም ይላል። ሐጂ ከሰሩ እንዴ?" አለኝ፤ ሲሲ እዚህ አገር እህቴ እንደማለት ነው።

የሐጂ መጋዘን እኮ በስኳር ጆንያ ታጭቆ መተላለፊያ የለውም። "እስቲ የጻፍከውን ላክልኝ" አልኩት። ላከልኝ። "ሥኳር" ይላል፣ በንጉሡ ሠ። "ዕንቁላል" ይላል፣ በዓይኑ ዐ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ጣቱ ያገኘውን ፊደል ይጽፋል። ማንስ የማይጽፍ አለ? ለዚህ ብዬ አሮጌው ላይ ንጉሡ ሠንና እሳቱ ሰን፣ ሀዎቹን ሁሉ፣ ጸዎቹን ሁሉ፣ አዎቹን ሁሉ እንደ አንድ የሚቆጥር ነገር ሠርቼ ነበር። አዲሱ ቨርዥን የራሱን መፈለጊያ ይዞ መጥቶ የኔን ዞር ብሎም አላየው።

ለሐጂ ደወልኩላቸው። "ወደ አሮጌው መልሺው" አሉኝ። ብመልሰው ከጠዋት ጀምሮ የገባው ትእዛዝ ይጠፋል፤ አሮጌውም ቢሆን ሊዘጋ ነው። "አልመልስም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሰዎቹ በትክክል ይጻፉ በያቸው" አሉ።

ይሄኔ ደሜ ፈላ። "እርስዎስ ሐጂን በየትኛው ሐ ነው የሚጽፉት?" አልኳቸው። ሳቁ። "ብቻ መግሪብ አይድረስብሽ" ብለው ዘጉት።

ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋሁ። የዕቃውንም ስም፣ ሰው የሚጽፈውንም መጀመሪያ ወደ አንድ ፊደል እያመጣ የሚያስተያይ ኮድ ለአዲሱ ቨርዥን እንደገና ጻፍኩ። ስጭነው ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ጻካኔ ደወልኩና "በል እንደ ልማድህ ጻፍ" አልኩት።

ቆየብኝ። ከዚያ "መጣ ሲሲ" አለ፣ "እንቁላሉም መጣ።" ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። በማግስቱ መኪናዋ ስትደርስለት የሞላውን መደርደሪያ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

ያንን ኮድ ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች ላክሁላቸው። ተቀበሉኝ። ቀጣዩ ቨርዥን ሲወጣ ውስጡ ነበረ፤ በሶፍትዌሩ በአማርኛ የሚጠቀም ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ በየትኛውም ሰ ቢጽፍ ስኳሩን ያገኛል። ይህን ሳይ ከኩራት ብዛት እንባዬ መጣ። ከሐጂም በፊት ጻካኔ ደወልኩና የሱ ሥኳር የት እንደደረሰ ነገርኩት።

"ለመሆኑ ሲሲ፣ ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነበር?" አለኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ ያንተም ነው" አልኩት።